ሳይጠራ የሚነሣ እጅ

አፍንጫዬን የመቱ የበሽተኛ ዘመዶች በአንድ ረድፍ ቢሰለፉ፣ የሰልፉ ጭራ ታሃና መርካዚት፣ አውቶቡስ ተራው ላይ፣ ገና አውቶቡስ ሲጠብቅ የሰልፉ ራስ ኤላት ባሕር ደርሶ ይዋኛል። አጋነነ የሚለኝ አይጠፋም። ያጋነንኩት ዋናውን ብቻ ነው። ቤርሼባ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ፣ ጸጉሬ ግንባሬን ጥሎ እስኪሸሽ ድረስ ሠርቻለሁ። በወንበር ተመትቻለሁ። በክራንች ተመትቻለሁ። አንዲት ባልቴት በሰው ሠራሽ እግር ትከሻዬን አውልቃኛለች፤ እግሩም የሷ አልነበረም፣ የባሏ ነው። በዱላ በኩል ትምህርቴን ጨርሻለሁ ብዬ ተቀምጬ ነበር። የቀረኝ በሐኪም መመታት ብቻ ነበር፤ እሱም ደረሰኝ። የመታችኝም የጎረቤቴ ልጅ ናት።

ስም አልጠራም። ሰዎቹንም ቦታውንም ማንም እንዳይለያቸው አድርጌ ቀያይሬያለሁ። ድብደባውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ሐኪም ትምህርቱን ጨርሶ ስፔሻሊስት እስኪሆን ድረስ ሆስፒታል ውስጥ ዓመታት ይሠለጥናል። እዚህ አገር እነዚህን ሠልጣኞች ሚትማሂም ይሏቸዋል፣ አንዱን ሚትማሃ። ከነሱ በታች ደግሞ የሕክምና ተማሪዎች አሉ፣ ነጭ ጋውናቸው ገና ያልታጠበ፣ በኮሪደሩ እንደ ጫጩት ተከታትለው የሚሄዱ። እነዚህን ጫጩቶች የሚያስተምራቸው ትልቁ ፕሮፌሰር እንዳይመስላችሁ። ሚትማሃው ነው። ያው እንቅልፍ ያጣው፣ ምሳውን ቆሞ የሚውጠው። ሰው መስፋትና መቅደድ ተምሯል፤ ማስተማርን ግን ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ እሱ በተማረበት መንገድ ያስተምራል። በጩኸት የተማረ ይጮኻል፤ በስድብ የተማረ ይሳደባል።

ይህን ለማረም ነው ሥልጠናው የተጀመረው። ሚትማሂሙ እንዴት እንደሚያስተምሩ፣ ለተማሪ እንዴት ማሹቭ እንደሚሰጡ ይለማመዱበታል። ማሹቭ ማለት ሥራህን አይቼ «ይህ ደህና ነው፣ ይህን አስተካክል» ብዬ የምመልስልህ ቃል ነው። አሠልጣኟ ከሩስያ የመጣች የሕፃናት ሐኪም ናት፣ ቁመቷ ድንቢጥ የምታክል፣ ድምጿ እንደ ሳል ሽሮፕ የሚጣፍጥ። ደንቧ አጭር ነው። መጀመሪያ ተማሪውን ራሱን ጠይቀው። ቀጥሎ ያየኸውን ብቻ ተናገር። መጨረሻ ላይ ምን እንደሚያደርግ ንገረው። ለመለማመጃም መጥፎ ተማሪ መስሎ የሚጫወት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ሆስፒታሉን ብትጠይቅ ሁሉም አንድ ሰው ጠቆሟት። በደስታ እሺ አልኩ። መጥፎ ተማሪነት ሳልማረው የማውቀው ብቸኛ ሙያዬ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ የቀዶ ሕክምና ሚትማሃ ናት። ሽኩና ጊሜል በሚባል ሰፈር በአንድ ሕንፃ ነው የምንኖረው፤ እነሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። እዚሁ ተወልዳ፣ በአማርኛ ሲጠሯት በዕብራይስጥ እየመለሰች ያደገች ናት። እኔን «ዶድ» ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው። አባቷ በፋብሪካዎቹ ሰፈር በኤመቅ ሳራ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣና ሲጥል ወገቡ የጎበጠ ጨዋ ሰው ነው። እሷ ዶክተር የሆነች ቀን ሰፈሩን በሙሉ አቅፏል፤ የአውቶቡስ ሹፌርም አልቀረለት።

የሷ አለቃ፣ ትልቁ ቀዶ ሐኪም፣ በር ሲገባ በሩ የሚጠብበት ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ከሞት አፋፍ የመለሳቸውን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ደግሞ ተማሪው ወይ ሠልጣኙ ሲሳሳት በመርፌ መያዣው ብረት የጣቱን አንጓ ኳ ያደርገዋል። ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ቆሞ ያዳመጠ ሰው፣ ውስጥ አናጢ ያለ ይመስለዋል።

እሷ የቀዶ ሕክምና ሥልጠናዋን እሱ ዘንድ በጀመረች ሰሞን አባቷ ትልቅ ድፎ ዳቦ ተሸክሞ መጣ። ቀዶ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘው፤ ዳቦውን በሁለት እጁ ሰጠው፤ በዚያች ባለችው ዕብራይስጥም «ልጄ፣ ያንተ። ዓይን ብቻ አይሆንም» አለው። አጠገባቸው አልጋ እየገፋሁ ነበርና ሰምቼ ፈገግ አልኩ። እኛ አገር አባት ልጁን ለመምህር ሲያስረክብ የሚለው ነው። ዓይኑን ብቻ ተውልኝ፣ ሌላውን እንደ ፈቀድህ። ልጅቷ ግን በኀፍረት ወለሉን አየች። ቀዶ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ተረጎመችለት። ሰውየው ሲስቅ የግሉኮሱ መስቀያ ተነቃነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቷን በመታ ቁጥር «ዓይን አልነካሁም፣ አባትሽ ይመስክር» ይላት ነበር።

እሷም ችላ ተማረች። ጎበዝ ሆነች። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ተማሪ ክር በመቀስ መቁረጥ ነበረበት፣ ቋጠሮውን ራሱን ቆረጠው። በመርፌ መያዣው አንጓውን አለችው። ልጁ በማግስቱ እጁን እንደ ዘማች ጠቅልሎ፣ ጠበቃ እናቱን አስከትሎ መጣ። አስተዳደሩ ተሰበሰበ። ውሳኔው ቁርጥ ያለ ነበር፤ ሥልጠናውን ትወስዳለች፣ አሠልጣኟ ስታስተምር አይታ ካሳለፈቻት ትቀጥላለች፤ ካላሳለፈቻት ከቀዶ ሕክምና ትወጣለች። ስፔሻሊስት የመሆኑን መንገድ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሄዳለች።

የመለማመጃው ቀን ተማሪ መስዬ ገባሁ። ጋውኑ ሆዴ ላይ አልዘጋ ስላለ ቁልፉን በፕላስተር አጣበቅሁት። ጠረጴዛው ላይ የዶሮ ጭን አለ፤ ቆዳውን መስፋት ነው ሥራዬ። የቀሩት ሚትማሂም በግማሽ ክብ ተቀምጠው ያያሉ። ጭኑን መጀመሪያ ከእጅጌዬ ጋር ሰፋሁት፤ ቀጥሎ ከጠረጴዛው ጨርቅ ጋር።

«ከመጀመሬ በፊት ልጠይቅህ» አለች የጎረቤቴ ልጅ በደንቡ መሠረት። «አንተ ራስህ እንዴት አየኸው?»

«እኔ? ድንቅ ነው ብያለሁ። ዶሮዋም ብትጠየቅ ያንኑ ትላለች።»

ጓደኞቿ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «እኔ ያየሁት፣ መርፌውን ጫፉ ላይ ይዘኸዋል። ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጅራቱ ያዘው።»

ጫፉን ያዝኩት። «እንዲህ?»

«አይደለም። ወደ ጅራቱ።»

«እንዲህ?» አሁንም ጫፉን።

ጆሮዋ ሥር አንድ ጅማት ሲዘል አየሁ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው አፋፍ ላይ ቆሞ ካየሁ እፍ ማለት እወዳለሁ፤ ለዚሁም ነው የተጠራሁት። «አስተማሪዬ» አልኳት «ሌላ ሰው ቢያስተምረኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ጠበቃ ናት።»

ጧ።

ብረቱ የመሃል ጣቴ አንጓ ላይ አረፈ። ሕመሙ በክንዴ ሽቅብ ወጥቶ፣ ጥርሴን ዞሮ፣ በሌላው ጆሮዬ ሊወጣ ሲል በሩን አጣው። ቆዳዬ ተሰንጥቆ ደሙ ዶሮዋ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ልጅቷ እጇ ውስጥ ያለውን ብረት የሌላ ሰው ዕቃ እንዳገኘ ሰው አገላብጣ ታየዋለች።

«ጥሩ» አለች አሠልጣኟ በዚያ በሽሮፕ ድምጿ። «አሁን ተማሪው ማሹቭ ይስጣት።»

«መጀመሪያ በረዶ ስጡኝ።» በረዶ መጣ። ጣቴን ቀብሬ ልጅቷን አየኋት። «አንቺ ራስሽ እንዴት አየሽው?»

«አልመታሁህም» አለች።

«ይህ ደም ታዲያ የዶሮዋ ነው?»

«ዶድ፣ እውነቴን ነው» አለች በዕብራይስጥ፣ ድምጿ ወርዶ። «እጄ ሲነሣ አላየሁትም። አርፎ ነው ያየሁት።»

በዚያ ክፍል የሚስቅ ጠፋ። ሁለት ሦስቱ የገዛ እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስገቡት። አሠልጣኟ ወንበሯን አስጠግታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «አንድ ቀን ቀርቶሻል። እውነተኛ ተማሪ፣ እውነተኛ ቁስል። እጅሽ ተማሪ ላይ ካረፈ አላሳልፍሽም። ይህን ስልሽ ሆዴ እየባባ ነው፣ ግን አላሳልፍሽም።»

ያን ዕለት ሰፈር ስደርስ አባቷ ከሥራ ተመልሶ ከሕንፃው በታች አግዳሚ ላይ ወገቡን ያሳርፍ ነበር።

«ጣትህን ምን አገኘው?»

«ዶክተር ነከሰኝ፣ አባባ።»

«ቀልድህን ተው እስቲ።»

«ልጅዎ ናት። በብረት።»

ትንሽ አሰበ። «አጥፍተህ ይሆናል።»

«አጥፍቻለሁ። እንዳጠፋ ነው የጠሩኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። የተማሪውን፣ የጠበቃዋን፣ የቀረቻትን አንድ ቀን፣ ቀዶ ሐኪሙ በዚያ «ዓይን ብቻ» በሚለው የአባባ ቃል እየማለ ጣቷን እንደሚቀጠቅጥም። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ያን ቃል ይዞት ኖሯል?»

«ይዞታል።»

«እኔ አንድ ቀን እጄን አንሥቼባት አላውቅም። እናቷም እንደዚሁ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ከላያችን የሚሰማው የቴሌቪዥን ጩኸት ብቻ ነው።»

«ቃሉን ያልኩት ለወጉ ነው። እኛ ዘንድ አባት እንዲህ ሲል መምህሩ ያፍራል። አደራ ተቀበለ ማለት ነው፤ ዱላው ይቀልለታል። ይኸ ሰውዬ እንደ ፈቃድ ወሰደው?»

በማግስቱ የሰርግ ኮቱን ለብሶ መጣ፤ የሰጠውን ቃል መልሶ ሊወስድ። እኔን አስተርጓሚ አደረገኝና ቀዶ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠበቅነው። «አደራዬን ልረከብ መጥቻለሁ» አለ። «የሰጠሁትን ቃል አንሥቻለሁ። ጣቷንም፣ ዓይኗንም፣ ሁሉንም።» እኔም ሳልቀንስ ሳልጨምር ተረጎምኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያደረግሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሰውየው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን ተወና ቀኝ እጁን ዘረጋ። ሌባ ጣቱ እንደ ቀንድ ጠማማ ነው። «አየኸው አባ? ይህን ያጠመመው አስተማሪዬ ነው። ስሳሳት በብረት ሰበረው። እስከ ዛሬ እየባረክሁት እኖራለሁ። በዚህ ጣት ስንት ሰው አድኛለሁ። ልጅህ ደግሞ ከኔ ትበልጣለች፤ ወደፊት ታመሰግነኛለች።» ብሎ የሽማግሌውን ትከሻ በፍቅር መታው፤ ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ግን ሽማግሌ ምታ ብሎም አያዝም።

አባባ ከግድግዳው ተላቅቆ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ከአፉ ያመለጠው ልማድ ነው። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ራሱን ሲረግም ሄደ።

የፈተናዋ ቀን ሙቀቱ አስፋልት የሚያቀልጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ታሃና መርካዚት አጠገብ ገበያው ውስጥ ሁለት አትክልት ሻጭ ቤተሰቦች በመደብ ቦታ ተጣልተው፣ አንዱ ወጣት በሐብሐብ ቢላ ክንዱን ተከፍቶ መጣ። ከሌላው ወገን ደግሞ ጥርሱ የረገፈ መጣ። ከሁለቱም ጋር ዘመድ ሁሉ መጣ። ገበያው ራሱ የመጣ ነው የመሰለኝ፤ ሚዛኑ ብቻ ቀርቷል።

ልጅቷ ወጣቱን ትንሿ መስፊያ ክፍል አስገባችው። የምታስተምራት ተማሪ ቀጭን ናት፣ በሕይወት ያለ ሰው ስትሰፋ የመጀመሪያዋ። አሠልጣኟ ጥግ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀመጠች። እኔ ሳህንና ፋሻ አቀብላለሁ። የሚሰፋው ሰው ክንዱ በመርፌ ደንዝዟል፣ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው።

«መጀመሪያ የት ትወጊያለሽ?» አለች ልጅቷ።

ተማሪዋ አሳየች።

«ለምን እዚያ?»

መለሰች። «ጥሩ። ቀጥዪ። አትቸኩዪ።»

ያኔ ውጭ ጦርነቱ ተጀመረ። ወንበር ሲበር፣ መስታወት ሲረግፍ ሰማን። በበሩ ቀዳዳ ሳይ አንዱ የግሉኮስ መስቀያ እንደ ጦር ይዞ ሲሮጥ፣ ሌላው የበሽተኛ መጸዳጃ ሳህን ጋሻ አድርጎ ሲመክት አየሁ። ጠባቂው መሬት ላይ ነው፣ ሁለት ሰው ላዩ ላይ። በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት፤ ከወዲያ የሚመቱት ምት ሁሉ ኩላሊቴ ላይ ይቆጠራል። አሠልጣኟ እግሯን በርጩማው ላይ ሰበሰበች። ተማሪዋ መስፋቷን አቆመች።

«መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀምጪ» አለቻት ልጅቷ። «ተንፍሺ። ሰውየውን እዪው፤ ደሙ ቆሟል፣ የሚያጣድፈን የለም። ዝግጁ ስትሆኚ አንሺው።»

ተማሪዋ ተነፈሰች፤ አነሣችው።

በሩ ከነእኔ ተከፈተ። የገባው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ተደባዳቢዎችን ሊገላግል ገብቶ ሸሚዙ ተቀዷል፣ ከንፈሩ ይደማል፣ ዓይኑ የሚመታ ሰው እየፈለገ ነው። ተማሪዋን አየ። ቀስ ብላ ትሰፋለች።

«እስካሁን? አንድ ክንድ? ውጭ ሰው እየተገደለ ነው» አለና መቀሱን ከሳህኑ ላይ አንሥቶ በጣቷ ላይ ሰነዘረ።

መቀሱ አላረፈም። ልጅቷ የእጁን አንጓ አየር ላይ ይዛዋለች።

እንዲህ ያለ አያያዝ ያየሁት አዞ ላይ ብቻ ነው። ሰውየው ጎተተ፤ አልለቀቀችም። ትከሻውን ወረወረ፤ አብራው ሄዳ ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ጋር አጋጨችው፤ ብልቃጦች ወለሉ ላይ ተሰባበሩ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ሌላኛው እጇ በቡጢ ተጨብጧል። ያንን ቡጢ አየሁ፤ አሠልጣኟም አየችው።

«ከመጀመሬ በፊት ልጠይቅህ» አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አንተ ራስህ ይህን እንዴት አየኸው?»

«ልቀቂኝ።»

«እኔ ያየሁት፣ እጅህ በተማሪዬ ላይ ተነሥቷል። ሥራዋ ትክክል ነው፤ ዘገየች እንጂ አልተሳሳተችም። አሁን የምታደርገው፣ መቀሱን ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለህ።»

«ማን መሆንሽ ነው?»

«አስተማሪዋ።»

አልጋው ላይ ያለው ቁስለኛ አንገቱን ቀና አደረገ። «ዶክተሮች፣ እኔ ልነሣላችሁ? አልጋውን እናንተ ሳትፈልጉት አትቀሩም።»

ቀዶ ሐኪሙ ወደ ቁስለኛው ዞረ፤ ከዚያ ወደ ቡጢዋ፤ ከዚያ ጥግ ላይ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ወደ ሰፈረችው አሠልጣኝ። ጣቱ ቀስ እያለ ተከፈተ፤ መቀሱ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ለቀቀችው። አንጓው ላይ አራት ጣቷ ቀይ ሆኖ ቀርቷል። ወጣ። ተማሪዋ እንባዋ በአፍ መሸፈኛዋ ውስጥ እየፈሰሰ ቁስሉን እስከ መጨረሻው ሰፋችው፤ አንድ ጊዜም አልተመታችም።

ፖሊስ መጥቶ ገበያውን ወደ ገበያው ሲመልስ፣ አሠልጣኟ ከበርጩማው ወረደች። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ ነው።

«ጠየቅሽው፣ ያየሽውን ነገርሽው፣ ምን እንደሚያደርግም ነገርሽው» አለቻት። «አንድ ነገር ብቻ። ማሹቭ ሲሰጥ የሰውየውን እጅ መልቀቅ የተለመደ ነው።»

«ብለቀው ይመታታል።»

አሠልጣኟ የብልቃጥ ስባሪ በጫማዋ ወደ ግድግዳው ገፋች። «ሌላኛው እጅሽስ? የተጨበጠው?»

«መነሣቱን አየሁት። ያዝኩት።»

«አልፈሻል» አለች።

ቀላል አልነበረም። ቀዶ ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ በእሱ ጠረጴዛ ላይ አላስቆማትም፤ ሌላ ዝምተኛ ቀዶ ሐኪም ሴት ወሰደቻት፣ ልጅቷም ብዙ ነገር እንደ አዲስ ጀመረች። ያ ወርቅ እጅ ከሚያስተምረው ውስጥ የቀረባት አለ፤ ይህን እሷ ራሷም አትክድም። አባባ ደግሞ ታሪኩን ስነግረው ደነገጠ። «የመምህር እጅ ይያዛል?» አለ። ቆይቶ «አጥብቃ ያዘችው?» አለኝ።

በቀደም ደረጃ ላይ አገኘኋት፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ።

«አሁን እጅሽ ተኛልን?» አልኳት።

«አልተኛም፣ ዶድ። ተማሪ ሲሳሳት አሁንም ይነሣል። ድሮ የሚመጣበትን አላውቅም ነበር፤ አሁን ሲመጣ ይሰማኛል። ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።»

«ቀዶ ጥገና ላይስ? እዚያ ኪስ የለም።»

«እዚያ ሁለቱን አጣምሬ እቆማለሁ። ተማሪው ይሠራል፣ እኔ እናገራለሁ።»

ደህና እደሪ ብያት ወደ ላይ ስትወጣ የጋውኗን ቀኝ ኪስ አየሁት። ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ተተርትሮ በክር ተንጠልጥሏል።